በየወሩ በአሥራ ሦስት የምትታመመው ፒካፕ

ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የአገኘሁሽን ፒካፕ ሳያያት በድምፅዋ ያውቃታል። ገበያ ወራጁ ጆንያውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ያስጠጋና «መጣች» ይላል፤ ማን እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። ቀለሟ ነጭ ነው፤ ነጭ ነበር ማለት ይሻላል። ባለ አንድ ጋቢና ናት፤ በናፍጣ ትሄዳለች፤ ዕድሜዋም ከባለቤቷ ዕድሜ ብዙ አያንስም።

ባለቤቷ አገኘሁሽ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስምንቱን ዓመት ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ሠርታለች። እኔ በየሳምንቱ ዓርብ ጋቢናው ውስጥ ከጎኗ ስለምቀመጥ ይኸን ታሪክ በክፍል በክፍል፣ ማርሽ በቀየረች ቁጥር እየተቋረጠ ሰምቼዋለሁ። የጎደለውን እናቷ ወይዘሮ ዓይናዲስና መካኒኳ ትእዛዙ ሞልተውልኛል። ሦስቱም ሲያወሩ አንዱ የሌላውን ያርማል፤ እኔ የተስማሙበትን ነው የጻፍኩት።

ከአረብ አገር ስትመለስ እንደ ብዙዎቹ ቤት አልሠራችም፤ ሱቅም አልከፈተችም። ወልድያ ወርዳ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ለምን መኪና እንደመረጠች መሪውን እንደያዘች ጠየቅኋት።

«ስምንት ዓመት በር ከውጭ ተቆልፎብኝ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «የሚሄድ ነገር አማረኝ።»

መኪናውን ለመግዛት እንደገና ወደ ወልድያ ስትወርድ እናቷ ብቻዋን አልላኳትም። የአባቷን ታናሽ ወንድም አቶ ደግሰውን አስከተሏት። አቶ ደግሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ በቅሎ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአበርገሌ እስከ ላሊበላ ድረስ እሳቸው ያላዩአትን በቅሎ የገዛ ሰው ሲጸጸት ይኖራል ይባላል። መኪና ግን ተሳፍረው እንጂ ከፊቷ ቆመው አይተዋት አያውቁም።

«አጎቴ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉልኝ ነው?» አለቻቸው በመንገድ ላይ።

«ሻጭ ሻጭ ነው» አሉ። «የሚሸጠው ነገር ነው የሚለያይ።»

ደላላው ሁለት ስልክ የያዘ፣ ፈገግታ የማይጎድለው ወጣት ነበር። ግቢ ውስጥ አስገብቶ የታጠበች፣ የምታብለጨልጭ ፒካፕ አሳያቸው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። አገኘሁሽ ወደደቻት። አቶ ደግሰው ግን ዞረው ዞረው መጡና መዳፋቸውን በኮፈኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ይህች ከየት ነው የመጣች?»

«ከየትም አልመጣችም አባባ። ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ናት።»

«ታዲያ ምን አሞቃት?»

«ፀሐይ ነዋ።»

አቶ ደግሰው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። ደላላውም ቀና ብሎ አየ።

«በቅሎ የሚሸጥ ሰው» አሉ በኋላ፣ ለአገኘሁሽ ሳይሆን ለደላላው እንደሚያስተምሩ ሆነው፣ «ገበያ ሊገባ ሲል መንገድ ላይ አሩጦ፣ አላብሶ ነው የሚያስገባት። የሞቀች በቅሎ አታነክስም። በርዷት ስታድር ነው እግሯ የሚናገረው። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን። ማንም እንዳይነካት።»

«አባባ፣ ይቺ እኮ ገብስ አትበላም።»

«ምን ትበላለች?»

«ናፍጣ።»

«ይሁን። እንዴት እንደሚፈጭላት ጠዋት እናያለን።»

በማግሥቱ ሲሄዱ ሁለት ጎረምሶች ያችኑ መኪና ከኋላ እየገፉ አገኟቸው። አቶ ደግሰው ከበሩ ሳያልፉ ተመለሱ። ሁለተኛዋን መኪና በሌላ ቀን ጠዋት አዩ፤ ስትነሣ ግቢውን በሰማያዊ ጢስ ሞላችው። ሦስተኛዋ ከአንድ ጡረተኛ ግቢ ጥግ የቆመች፣ ማንም ያላጠባት ነበረች። ሰውየው ቁልፉን ለአቶ ደግሰው ሰጥተው ራሳቸው ዘወር አሉ። አገኘሁሽ ኮፈኑን ነካች፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ስታስነሣት ፒካፗ ሁለቴ አሳለችና ጢስ ተፋች። አቶ ደግሰው ዓይናቸውን በጢሱ ላይ ተክለው አባታችን ሆይን መድገም ጀመሩ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርሱ ጢሱ ጠራ።

«ይህችን ውሰጂ» አሉ።

«አሳለች እኮ፣ አጎቴ።»

«እኔም ጠዋት አስላለሁ። ዕድሜ በሽታ አይደለም።»

ጡረተኛው ያለባትን ጉድለት አንድ በአንድ ነገሯቸው። የግራ መስታወቷ አይወርድም። የናፍጣ መክደኛዋ ቁልፍ ስለጠፋ ክዳኑ እንዲሁ በእጅ የሚጠመዘዝ ነው። ኋላ ያሉት ጭነት ተሸካሚ ባሌስትራዎች ደክመዋል። አቶ ደግሰው ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሻጭ በሕይወታቸው ሲያጋጥማቸው ይኸ ሦስተኛው ነው አሉ። ሊብሬው በስሟ ዞረና በኅዳር መጨረሻ ሰቆጣ ገባች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመለማመጃ ነበሩ። ማታ የፒካፗን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ታቆማለች፤ ባትሪው ቢደክም ጠዋት ፍሬኑን ለቅቃ በሁለተኛ ማርሽ ታስነሣታለች። ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳታስገባ አትወርድም። ወደ አበርገሌ ቆላ ፍየል ልትጭን ስትወርድ ሙቀቱን ትፈራለች፤ ስትመለስ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆማ ሞተሩን ታሳርፋለች። ተሳፋሪው በዚህ አይከፋም፤ ጥላ ፈልጎ ወሬውን ይቀጥላል። ማደያው ናፍጣ ሲጨርስ ከአምሳለ ትገዛለች። አምሳለ ከገበያው ጀርባ በጀሪካን ናፍጣ የምትሸጥ የእሷ እኩያ ናት፤ የምትቀዳውም በታጠፈ ነጠላ አጥልላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሴት የምትነዳትን መኪና የሚጠራጠር አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ ገብሳቸውን አስጭነው እሳቸው አልወጣም አሉ።

«ሴት ነድታኝ ገደል ብገባ በሰማይ ቤት ምን እላለሁ?»

«በእግሩ ሄዶ ገደል የገባ የለም እንዴ አባባ?»

«አለ። እሱ ግን የገዛ እግሩ ነው።»

«እንግዲያው ገብሱን አድርሼ ከታች እጠብቅዎታለሁ።»

ሽማግሌው ገብሱ ብቻውን ሲሄድ አስቡትና ወጡ። አሁን በየገበያው ቀን ካልመጡ አይሆንላቸውም፤ ያውም ጋቢና ካልሆነ።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ግን አልተሳፈሩባትም። ጠዋት ፒካፗ ከግቢው ስትወጣ አጥሩ ሥር ቆመው ያማትባሉ፤ ማታ ስትገባ ደግሞ መብራቷን ሲያዩ ወደ ቤት ይገባሉ። ከልጃቸው ጋር በኽምጣንጋ ነው የሚያወሩት፤ ወደ አማርኛ የሚዞሩት ሲቆጡ ወይም እንግዳ ሲኖር ነው። ልጃቸው ስትመለስ «ደግ ሆነ» አሉ እንጂ አላለቀሱም። መኪናዋ በገባች ዕለትም አገኘሁሽ በግልጽ ነገረቻቸው።

«እስከ ሆሳዕና አያታለሁ። ካበላችን እቀራለሁ፤ ካልሆነ ሸጬያት እመለሳለሁ። ጥሩሐረግ ቦታ እያቆየችልኝ ነው።»

ጥሩሐረግ እዚያው ሪያድ የቀረች ጓደኛዋ ናት። የምትሠራላት እመቤት እህት ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ አገኘሁሽ የምትሄድ ከሆነ ከሆሳዕና በፊት ቁርጡን መናገር አለባት። ወይዘሮ ዓይናዲስ ይኸን ሲሰሙ ሂጂም አላሉ፣ ቅሪም አላሉ። ምስር ይለቅሙ ነበርና መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ታኅሣሥ በሰላም አለፈ። ለገና በግና ዶሮ የሚያመላልሰው ሰው ብዛት ፒካፗን ዕረፍት ነሣት። አገኘሁሽ ያን ጊዜ ለራሷም ሳትናገር ልቧ ወደ መቅረቱ እንዳዘነበለ ነግራኛለች።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ፒካፗ ዳገቱን ስትጀምር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከኋላዋ ነጭ ጢስ ለቀቀች። ስትረግጣት ትጎተታለች፣ ስትለቃት ትቆማለች። እንደ ምንም ወደ ትእዛዙ ጋራዥ አደረሰቻት። ትእዛዙ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈትቶ ወደ ብርሃን አስጠጋና ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ውሃ ጠጥታለች።»

«ከየት?»

«ናፍጣ ውስጥ ነዋ። የሚሸጥልሽን ጠይቂ።»

ማጣሪያውን ቀየረላት፤ ከናፍጣው ቱቦ አየሩን አስወጣ፤ ዳነች። ወር ሙሉ ሠራች። የካቲት አሥራ ሦስት እንደገና ያው ሆነ፤ እንዲያውም ባሰ። አሁን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎች አንዱ እንዲጸዳ ግድ ሆነ፤ ሁለት ቀን ጋራዥ ዋለች። ትእዛዙ እጁን በናፍጣ እየታጠበ የማትወደውን ነገር ነገራት። «ሌላው ቀላል ነው። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ከዛገ ግን በቃ፤ የፖምፓው ዋጋ ከመኪናዋ ይብሳል።»

አገኘሁሽ ከጋራዡ ቀጥታ ገበያ ሄደች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው እንደ ጉድ ቆሟል። አምሳለ ጀሪካኖቿን ደርድራ ከአንድ ሾፌር ጋር ትሳሳቃለች።

«አምሳለ፣ ውሃ ነው የሸጥሽልኝ።»

አምሳለ ሳቋን አላቋረጠችም፤ ቀልድ መስሏት ነበር። የአገኘሁሽን ፊት ስታይ ነው ያቆመች።

«የእኔን ናፍጣ ስድስት መኪና ይቀዳል። የማን ታመመ?»

«የእኔ ታመመች።»

«እንግዲያው ከእኔ አትግዢ።»

ጠብ አልነበረም፤ የጮኸም የለም። ቃሉ ግን ገበያ መሀል ወጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአምሳለ የሚገዛው ሰው ቀነሰ። ሾፌሮቹ «ውሃሽ እንዴት ነው?» እያሉ ያልፏታል። አገኘሁሽ ይኸን ስታይ ልክ ነኝ ብላ አለፈች። ናፍጣዋን ከማደያው ብቻ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ትቀዳ ጀመር።

መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን የዘር ገብስ ጭና፣ ከላዩ ስድስት ሰው አስቀምጣ ወደ ደሃና ስትወጣ፣ ፒካፗ መጠምዘዣው ላይ ጸጥ አለች። አልተንቀጠቀጠችም፤ አልጨሰችም፤ ዝም አለች። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። የተቆጣት አልነበረም። አንደኛዋ ሴት «አይዞሽ፤ እኛ በእግር የለመድን ነን» አለቻትና ልጇን አዝላ ጉዞዋን ቀጠለች። አገኘሁሽን ከቁጣ ይልቅ ይኸ «አይዞሽ» ጎዳት። ጋቢና ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ለጥሩሐረግ ድምፅ ቀዳችላት።

«እመጣለሁ በያቸው።»

ሁለት ቃል ነው። ከላከችው በኋላ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ብዙ ቆየች። ሆሳዕና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ጎትቶ ሰቆጣ አስገባት። ትእዛዙ ፒካፗን ሲያይ ወደ ግድግዳው ሄዶ ቀን መቁጠሪያውን አየ።

«እኔ ምልሽ፣ አንቺ ለምንድነው በየወሩ በአሥራ ሦስት የምትመጪው?»

«ምን አውቄ።»

«አሁን ከማን ነው የምትቀጂ?»

«ከማደያው። ከአምሳለ ከተውኩ ወር ሆነኝ።»

«እንግዲያው ውሃው ከአምሳለ አይደለማ።»

አገኘሁሽ ይኸን እሷም ልታስበው ይገባት ነበር፤ አላሰበችውም። ትእዛዙ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ገባና የታንከሩን ቡሎን ፈታ። የሚወርደውን ውስጡን በሚያሳይ ጠርሙስ ተቀበለው። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ናፍጣው ከላይ ተንሳፈፈ። ውሃው ከታች ተኛ፤ ብዙ ነበር። ከውሃው ሥር ደግሞ ግራጫ ነገር ቀስ እያለ ዘቀጠ።

ትእዛዙ በልጅነቱ ድቁና የተማረ ሰው ነው። ቡሎኑ ላይ የተጣበቀውን ያንኑ ግራጫ ነገር በሁለት ጣቶቹ መሀል አሸው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ እጁን በጨርቅ ሊጠርግ ሲል ተወው።

«አገኘሁሽ፣ ይኸ አፈር አይደለም። እመት ነው።»

እመት ከጸበል ጋር ተበጥብጦ ለታመመ ሰው የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አመድ ነው። አገኘሁሽ ጠርሙሱን አየች፤ ቀን መቁጠሪያውን አየች። አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። እናቷ በየወሩ በአሥራ ሁለት ሚካኤል ይሳለማሉ፤ ሲመለሱ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ይመጣሉ። ጥጃ ሲታመም ይሰጡታል። ዘር ሊዘራ ሲል ይረጩበታል። ደግሞ የናፍጣ መክደኛው ቁልፍ የለውም።

«ይኸን የት ልድፋው?» አለ ትእዛዙ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ። «ጸበል ነው፣ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ናፍጣ ነው፣ ዛፍ ሥር አይደፋም።»

ጠርሙሱ እስከ ዛሬ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ፣ ማንም በማይነካው ቦታ ቆሟል።

ቤት ስትገባ ወይዘሮ ዓይናዲስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቆማ ልትናገር ነበር ያሰበችው፤ እናቷ ቀና ብለው ሲያዩአት ግን ተቀመጠች።

«እምዬ፣ ጸበል የሰጧት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

አልካዱም፤ የሚካድ ነገር አልመሰላቸውም።

«መቼ ጀመሩ?»

«በጥር ሚካኤል። አንድ ብርጭቆ ነው የጨመርኩላት።»

«በነጋታው ታመመች እኮ።»

«ታመመች ብለሽ መጣሽ። ለታመመ ይጨመርለታል እንጂ ይቀነስበታል እንዴ? በየካቲት ግማሽ ጠርሙስ አደረግሁላት። አሁን በመጋቢት ሙሉውን፣ እመቱንም በጥብጬ።»

አገኘሁሽ ከሰፌዱ ምስር ወስዳ መልቀም ጀመረች። ድንጋዩን ወደ አንድ ወገን፣ ምስሩን ወደ ሌላ ወገን። ጥቂት እንዲህ ከቆዩ በኋላ ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ ሳይጠየቁ፣ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ ተናገሩ።

«የነፍስ አባታችን መጀመሪያ ጸበል ሲረጯት አይቻለሁ። ከላይ ከላይ ነው የረጯት፤ መስታወቷን፣ ጎማዋን። እሷ የምትሠራው ግን በሆዷ ነው። ሆዷ ጋ የደረሰላት የለም። እሷ ከደከመች አንቺ ልትሄጂ ነው። ሌላ ምን ላድርግ?» አንድ ድንጋይ ለቅመው ጣሉ። «እንዳትሄጂብኝ ነው።»

በስምንቱ ዓመትም፣ ከተመለሰች ወዲህም ይኸን ቃል ሲናገሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አገኘሁሽ ውሃ ናፍጣ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነገረቻቸው። አላሳጠረችውም፤ ስለ ፖምፓውም ነገረቻቸው። እናቷ በጥሞና አዳመጡ።

«እኔ ነኝ እንግዲህ የጎዳኋት።»

«አላወቁም።»

«የፈወስኳት መስሎኝ።»

ከዚያ ስለ አምሳለ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዓይናዲስ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«ሰው ፊት ነው የተናገርሻት?»

«ገበያ መሀል።»

«እንግዲያው ገበያ መሀል ነው የምንክሳት። እኔም እመጣለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺ አፉን ነው ያዋስሽኝ።»

ትእዛዙ ታንከሩን አጠበ፤ ኖዝሎቹን ሁሉ ፈታ፤ ፖምፓውን ከፍቶ ከአንድ ቀን በላይ ሲመረምረው ቆየ። አገኘሁሽ እነዚያን ቀናት እንቅልፍ እንዳልነበራት ነግራኛለች። የጥሩሐረግ መልስ ስልኳ ውስጥ አለ፤ «ጎሽ፣ ነገርኳቸው፤ ፓስፖርትሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪ» ይላል። አልላከችም፤ አልመለሰችምም። በአራተኛው ቀን ትእዛዙ ጠራት። ፖምፓው ጫፉ ላይ ትንሽ ጠቁሯል፤ አልዛገም። አንድ ወር ብትቆይ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር አላት። ፒካፗን አስነሣት፤ እንደ ልማዷ አሳለች፤ ጢሷ ጠራ።

የገበያው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ዓይናዲስ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ጋቢና ገቡ። በሩን በሁለት እጅ ይዘው፣ እግራቸውን ከፊት ተክለው ተቀመጡ። አገኘሁሽ ከገበያው በላይ ካለው ዘቅዛቃ ላይ አቆመች፤ ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች። አምሳለ ጀሪካኖቿ አጠገብ ቆማ አየቻቸው፤ ሰላም አላለችም። ሁለት ሾፌሮች በአቅራቢያው ነበሩ፤ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶችም እንዲሁ።

«አምሳለ» አለች አገኘሁሽ ሰው በሚሰማው ድምፅ። «ናፍጣሽ ንጹሕ ነበር። ውሃውን የጨመርነው እኛው ነን። ያለ ጥፋትሽ ስምሽን አጥፍቻለሁ።»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አሉ ወይዘሮ ዓይናዲስ። «ጸበል ነበር።»

አንደኛው ሾፌር ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሽንኩርት ሻጯ ስታፈጥበት ዘጋው። አምሳለ ገና ፊቷ አልተፈታም። ወይዘሮ ዓይናዲስ የሚጠብቁት ቃል ባለመምጣቱ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክመው ሊለምኑ ዞር ዞር ብለው አዩ። በዙሪያው የሚሸከሙት ድንጋይ አልነበረም፤ ያለው ከፒካፗ ጎማ ሥር ያለው ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው ያዙት።

«እምዬ፣ እሱን አይንኩት» አለች አገኘሁሽ።

ከእሷ ይልቅ አምሳለ ፈጠነች። ሮጣ መጥታ የወይዘሮ ዓይናዲስን እጅ ያዘች። «ይተዉት እማማ፣ ይተዉት፤ ይቅር ብያለሁ። ይህች መኪና በላዬ ላይ ወርዳ ደግሞ ሌላ ሽምግልና እንዳታስቀምጡኝ።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አምሳለም ሳቀች። ወይዘሮ ዓይናዲስ ብቻ አልሳቁም፤ የአምሳለን እጅ ይዘው ሳሙት።

«እኔን ውሃ ሻጭ ሲሉኝ ከረሙ» አለች አምሳለ ወደ ሾፌሮቹ ዞራ። «ይኸው ስትጠጣው የከረመችው ጸበል ነው። እናንተ ግን ከኔ ቀድታችሁ ያው ናፍጣ ነው ያገኛችሁት።»

አገኘሁሽ ያን ዕለት ታንከሯን ከእሷ ሞላች። አምሳለ ነጠላዋን አጥፋ እያጠለለች ስትቀዳ ወይዘሮ ዓይናዲስ ከጎኗ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩ፤ ናፍጣ ሲቀዳ ያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ሲመለሱ ስልኳ ጠራ። ጥሩሐረግ ናት። አገኘሁሽ መንገዱ ዳር አቁማ አነሣችው።

«ፓስፖርቱስ? ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው።»

«ለሌላ ሰው ስጭው፣ ጥሩዬ።»

«ምነው? እመጣለሁ ብለሽ አልነበር? መኪናዋ ዳነች?»

«ዳነች። ነገ ደግሞ ሌላ ይዟት ትቆማለች፤ አርጅታለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አስጠግኜ እሄዳለሁ። ያስቀየምኩሽ እንደሆን ይቅር በይኝ።»

ጥሩሐረግ እሷም ስትመጣ ጋቢና እንድትቀመጥ ካሁኑ ቦታ እንድትይዝላት ነገረቻት። ወይዘሮ ዓይናዲስ ይኸን ሁሉ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ገደሉ ያዩ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጥሩሐረግ ደኅና መሆኗን ጠየቁ፤ ደኅና ናት ተባሉ፤ ሌላ አልጠየቁም።

ጥቂት እንደሄዱ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ከባዶ ጆንያዋ ጋር እጇን ዘረጋች። አገኘሁሽ አቆመችላት። ወይዘሮ ዓይናዲስ ሴትየዋን ለማስገባት ወደ መሀል ተጠጉ፤ በሩን ግን እንዴት እንደሚከፍቱት ስላላወቁ ልጃቸው ተዘርግታ ከፈተችው። ሴትየዋ ገብታ ተደላደለችና ወደ ሾፌሯ ጎንበስ ብላ አየች።

«ነገስ በዚህ ታልፊያለሽ? የሚጫን ገብስ ነበረኝ።»

አገኘሁሽ ከመመለሷ በፊት እናቷ መለሱ።

«ታልፋለች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

አገኘሁሽ ማርሽ አስገብታ ዳገቱን ጀመረች።